ለነርሶች የተላከ መጠይቅ

በ60 ዓመታቸው ልባቸው በድንገት የታመመ ሰው በሽታው የጀመራቸው በዚያን ቀን አይደለም። የልብ ደም ሥራቸው መጥበብ የጀመረው ምናልባት ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ምን ይበሉ ነበር? አልጋቸው አጠገብ ቆመን ብንጠይቃቸው የሚነግሩን ትዝ ያላቸውን ብቻ ነው፤ ትዝታን ደግሞ ሕመሙ ራሱ ያዛባዋል። ስለዚህ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ሰውን ገና ጤነኛ ሳለ ጠይቆ፣ ለዓመታት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ታጋሽ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ታጋሽ መላሽም ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉት መላሾች ነርሶች ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1976 የሃርቫርዱ ሐኪም ፍራንክ ስፓይዘር በ11 የአሜሪካ ግዛቶች ለሚኖሩ ያገቡ ነርሶች መጠይቅ በፖስታ ላኩ። የመጀመሪያው ዓላማ ምግብ አልነበረም፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለረጅም ጊዜ መውሰድ የሚያስከትለውን ማወቅ ነበር። 121,700 ነርሶች መለሱ። የሕክምናን ቋንቋ ስለሚያውቁ የታመሙትን በሽታ በስሙ ይጽፋሉ፤ በየሁለት ዓመቱ የሚላከውንም አብዛኞቹ ሳይሰለቹ መለሱ።

ምግብ ወደ ጥናቱ የገባው በ1980 ነው። ያስገቡት ዋልተር ዊሌት የሚሺጋን ተወላጅ ሐኪም ናቸው፤ በወጣትነታቸው አትክልት አልምተው የትምህርት ቤት ወጪያቸውን ሸፍነዋል፣ በዳሬሰላምም ሕክምና አስተምረዋል። ያዘጋጁት መጠይቅ 61 ምግቦችን ይዘረዝራል። እንቁላል፣ አንድ። ወተት፣ አንድ ብርጭቆ። ነርሷ ባለፈው ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደበላችው ከዘጠኝ ምርጫዎች የአንዱን ክብ ታጠቁራለች፤ «በወር ከአንድ ጊዜ በታች» ከሚለው እስከ «በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ»።

ብዙ ባልደረቦቻቸው ይህን አላመኑበትም። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ያለፈውን ሳምንት ምሳ የረሳ ሰው የዓመቱን ምን ያህል ያስታውሳል? ዊሌት የመለሱት በክርክር ሳይሆን በሚዛን ነው። በቦስተን አካባቢ 173 ነርሶች በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለሰባት ቀን የሚበሉትን ሁሉ እየመዘኑ ጻፉ፤ ያ መዝገብ ከመጠይቁ ጋር ተነጻጸረ። ውጤቱ በ1985 ታተመ። መጠይቁ ግራሙን በትክክል አይናገርም፤ ብዙ የምትበላዋን ጥቂት ከምትበላዋ ግን ይለያል። የበሽታ ተጋላጭነትን ለማጥናት የሚፈለገውም ይኸው ነው። በኋላ ደግሞ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች የእግር ጥፍራቸውን ቆርጠው በፖስታ ላኩ። ጥፍር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሰውነት በወራት ውስጥ ያገኘውን ሴሊኒየም የተባለ ማዕድን ይዞ ይቆያል፤ የማንም ትዝታ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ ትዕግሥት የተገኘው ትልቁ ፍሬ የማርጋሪን ጉዳይ ነው። ፈሳሽ የአትክልት ዘይት ከሃይድሮጅን ጋር ሲሞቅ ይረጋል፤ በከፊል ብቻ ከረጋ ትራንስ ፋት የሚባል ቅባት ይፈጠርበታል። ሐኪሞች ለዓመታት «ቅቤ ትታችሁ ማርጋሪን ብሉ» ይሉ ነበር። በ1990 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህ ቅባት ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1993 የዊሌት ቡድን 85,095 ነርሶችን ለስምንት ዓመት ተከታትሎ ያገኘውን አወጣ፦ ትራንስ ፋት አብዝተው የበሉት፣ ጥቂት ከበሉት ይልቅ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የምግብ ኢንዱስትሪው ተቃወመ። ዴንማርክ በ2003 ገደብ ጣለች፤ አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገደደች፣ በ2015 ደግሞ በከፊል የረጋ ዘይት ከምግብ እንዲወጣ ወሰነች። በአንድ ወረቀት ላይ የጠቆሩ ክቦች የዓለምን የዳቦ መጋገሪያ ቀየሩ ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ዘዴው ግን አሳስቶም ያውቃል። በዚያው በ1993 ቫይታሚን ኢ በእንክብል የሚወስዱ ነርሶች የልብ ሕመም እንደሚቀንስላቸው ተዘገበ። በኋላ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው እንክብሉን የሰጡ ትልልቅ ሙከራዎች ይህን ጥቅም አላገኙም። ቫይታሚን ገዝታ የምትውጥ ሴት ምናልባት ስፖርትም ትሠራለች፣ ሲጋራም አታጨስም፤ ተመራማሪው ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢጥርም የሚያመልጠው አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ግኝት የሚጸናው፣ እንደ ትራንስ ፋቱ፣ የደም ምርመራውም ሌሎች አገሮችም ሲያረጋግጡት ነው።

መላሾቹ በአብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን መሆናቸውም አይዘነጋ። ያንን ወረቀት ተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ ማደል አይቻልም። አራት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የእያንዳንዱን ድርሻ ማን ይለካል? ወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት ከወጥ ሠሪዋ በቀር ማን ያውቃል? በዓቢይ ጾም ሽሮና ምስር የምትበላ ሴት ከፋሲካ በኋላ ሥጋና ቅቤ ትበላለች፤ «በአማካይ በሳምንት ስንት ጊዜ?» ሲሏት የምትሰጠው መልስ ሁለቱንም ወቅት አይገልጽም። ለእሷ መጠይቁ በጾምና በፍስክ ተለይቶ፣ እህሉም በእንጀራና በጭልፋ ተቆጥሮ መሠራት አለበት፤ ከዚያም ቦስተን እንደተደረገው ቤቷ ድረስ ሚዛን ይዞ ሄዶ መፈተን።