የምን ሰብል?

ነገሩ የተጀመረው ቢሮ ውስጥ፣ ሻይ ላይ ነው። የሞጣ ልጅ የሆነች ባልደረባዬ አርግዛ ሰባት ወር ሞልቷታል፤ ልጇ ሴት መሆኗንም ሐኪም ነግሯታል። «ጋሼ፣ እስቲ ስም ይፈልጉልኝ» አለችኝ። «ሰፈር ውስጥ ስጠራት ሦስት ልጅ ‹አቤት› የማይለኝ ስም።»

ብዙም ሳላስብ «ሰብለወንጌል» አልኳት።

ሳቀች። «እሱማ የመጽሐፍ ስም ነው። ደግሞ ሰብለ ሞልቶ!»

መልስ አጣሁ። ሰብለ እውነትም ሞልቷል። አገራችን ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ የትኛው ስም እንደተወደደ የምናውቀው በሰንጠረዥ ሳይሆን በጆሯችን ነው፤ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ በሰርግ ጥሪ፣ በለቅሶ ድንኳን። የእኔ ጆሮ ሰብለ የሚባሉ ብዙ ሴቶች ሰምቷል። ሰብለወንጌል ተብላ ሳትቆረጥ የምትጠራ ግን ከሁለት በላይ አላስታውስም። የመጽሐፍ ስም ነው ያለችውም ሐሰት አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ይህን ስም ሰምቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ የማያስብ ማን አለ?

በዚያው ወር ለለቅሶ ወደ ሞጣ መሄድ ነበረብኝ። በደጀን ታጥፌ የድሮውን የብቸና መንገድ ያዝኩ። ዲማ ጊዮርጊስ በዚሁ በብቸና አገር ነው፤ በዛብህ ሰብለን ፊደል ሊያስቆጥር የገባበት የፊታውራሪ ቤት ያለው ዲማ። ደራሲውም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ስሙን ከአየር እንዳላመጡት ገመትኩ።

ከደብረ ወርቅ አንድ የቅኔ መምህር ተሳፈሩና ከጎኔ ተቀመጡ። ወሬ ለማንሳት ያህል ጠየቅኳቸው፤ «የኔታ፣ ሰብለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰብለ ምን?»

«ሰብለ ብቻ።»

«ሰብለ ብቻማ በር ከፍቶ ደጃፍ ላይ መቆም ነው። ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ!»

እስከ ግንደ ወይን ድረስ አስተማሩኝ። በግዕዝ «ሰብል» ብሎ ያቆመ ሰው ቃሉን ጨርሷል። «ሰብለ» ያለ ግን አልጨረሰም፤ ቃሉ ተናባቢ ነው፣ የሚቀጥለውን ይጠራል። የወንጌል ሰብል ለማለት ሰብለ ወንጌል፤ የክርስቶስ አገልጋይ ለማለት ገብረ ክርስቶስ፤ የሥላሴ ኃይል ለማለት ኃይለ ሥላሴ። ወንዶቹን ስንቆርጣቸው እንኳ እንጠግናቸዋለን፤ ገብረን ገብሬ፣ ኃይለን ኃይሌ፣ ተክለን ተክሌ ብለን «የእኔ» እናደርጋቸዋለን። ፍሬሕይወትም ብትቆረጥ ፍሬ ሆና በራሷ ትቆማለች። ሰብለን ግን በመዝገብም በመታወቂያም እንደተንጠለጠለች ትተናታል። ስንት ዓመት የጠራሁት ስም ግማሽ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ያወቅኩት በአውቶቡስ ወንበር ላይ ነው።

ሞጣ ስደርስ የባልደረባዬን እናት ልጠይቃቸው ገባሁ። የስሙን ነገር ሰምተዋል፤ አልወደዱትም። ምክንያታቸው ከግዕዝ ጋር አይገናኝም፣ የገበሬ ምክንያት ነው። «ሰብል እኮ ገና ማሳ ላይ የቆመ ነው፤ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው እህል የሚባል። ማሳ ላይ ላለ ነገር በረዶ አለ፣ አንበጣ አለ፣ ዝንጀሮ አለ። ልጄ፣ ያላለቀ ነገር በልጅ ላይ ይሰየማል?»

የጤፍ አገር ሰው ስለ ሰብል ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ከዘመዶቼ ጋር ወደ ዓባይ ወረድኩ። ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኝ የነበረውን ሰባራ ድልድይ አይቼው አላውቅም ነበር። መካከለኛው ቅስት በጣልያን ወረራ ዘመን ተቆርጦ፣ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ክፍተቱን ሲሻገርበት የኖረ ድልድይ ነው። (ድልድዩን ሳየው ሰብለ ትዝ አለችኝ፤ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገር እሱን መምሰል ይጀምራል።) አብሮኝ የወረደው ሽማግሌ ዘመዴ «ይኼ የፖርቱጋል ሥራ ነው» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ድልድዩ ግን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ የፖርቱጋል ወታደሮች ወደ አገራችን የመጡት ደግሞ ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ቤቴ ስመለስ እነዚያን ወታደሮች ማን እንደተቀበላቸው ለማየት መጽሐፍ ገለጥኩ።

የተቀበለቻቸው ሰብለ ወንጌል ናት።

የዐፄ ልብነ ድንግል ሚስት። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1540 ሲሞት አገሩ በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ነበር፤ እሷ በገመድ ካልሆነ በማይወጣበት አምባ ተጠግታ ነበር። ደብረ ዳሞ ነው ይላሉ የሚበዙት። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ 400 ነፍጠኞች ይዞ በምጽዋ በኩል ሲገባ ከአምባው ወርዳ ተቀበለችው፤ ከጦሩም ጋር ዘመተች። አብሮ የነበረው ሚጉኤል ደ ካስታኞሶ ያየውን ጽፎ በ1564 ሊዝበን ላይ ታትሟል። ክሪስቶቫዎ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ልጇ ገላውዴዎስ ድል አደረገ፤ ኢማሙም ሞተ።

እኔን ያቆመኝ ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። የሰብለ ወንጌል ሌላው ልጇ ሚናስ ምርኮኛ ነበር። የኢማሙ ልጅ መሐመድ ደግሞ በገላውዴዎስ እጅ ወደቀ። የመሐመድ እናት ባቲ ድል ወንበራ ናት፤ ስሟ «ድል ወንበሯ» ማለት ነው፣ ስም ካሉ እንዲህ ነው! ባሎቻቸው ሲዋጉ የኖሩ ሁለት ሴቶች፣ የሁለቱም ልጅ በባላጋራ ቤት። በመጨረሻ ልጅ በልጅ ተለወጠ። ሚናስ ወደ እናቱ ተመለሰ፣ ኋላም ነገሠ። ሰብለ ወንጌል ገላውዴዎስንም ሚናስንም ቀብራ፣ በ1567 አረፈች። ማሳ ላይ የቆመ ሰብል ያሉት የሞጣዋ እናት የማያውቋትን ንግሥት ታሪክ ነግረውኛል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ በስልክ ነገርኳት። ለእናቷ አስተላልፋ ኖሮ፣ ከሳምንት በኋላ መልሳቸው ደረሰኝ፤ «የወንጌል ከሆነማ በረዶ አይመታውም። ግን ሙሉውን ጥሯት።»

ልጅቱ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች፤ ቄሱ ወለተ ብሎ የሚጀምር ሌላ ስም ሰጧት፣ እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። የቤቱን ስም ለማስመዝገብ እናቷ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሰባቱን ፊደል ክፍተት ሳትተው ገጥማ ጻፈች። መዝጋቢው ወጣት ቅጹን አየና እስክሪብቶውን በ«ለ» እና በ«ወ» መካከል አቆመ።

«ወንጌል የአባት ስም ነው?»

«አይደለም» አለችው። «ይናበባል።»