ወረቀቱ ለትዳሩ እንጂ ትዳሩ ለወረቀቱ አይሁን
የትዳር ቪዛና የዜግነት ጉዞ ለባልና ሚስት



ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ተሞሽረው በወሩ ቦሌ ላይ የሚለያዩ ሙሽሮች ማየት የተለመደ ሆኗል። አንዱ ወደ አሜሪካ ይመለሳል፤ ሌላው የሠርጉን አልበም ይዞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «ትዳር እንዴት ነው?» ማለቱን ይተውና «ፕሮሰሱ የት ደረሰ?» እያለ ይጠይቃል። የመጋቢ ሚስት እንደ መሆኔ ባለትዳሮች ይህን ጉዳይ ይዘው ወደ ቤታችን ይመጣሉ። ብዙዎቹን የሚያደክማቸው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን መንገዱን ሳያውቁት መጀመራቸው ነው። ስለዚህ እስቲ አብረን እንየው።

መንገዱን አስቀድማችሁ እወቁ

በአሜሪካ ሕግ መጀመሪያ የሚያመለክተው እዚያ ያለው ወገን ነው፤ ማመልከቻውም ፎርም አይ 130 ይባላል። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ለትዳር ጓደኛው የሚሰጠው ቪዛ በዓመት የተወሰነ ኮታ የለበትም። አመልካቹ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ግን ኮታ ስላለ ወረፋ ይጠበቃል። ማመልከቻው ከተፈቀደ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ክፍያና ሰነድ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ የሕክምና ምርመራ፣ በመጨረሻም በኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይከተላል።

ያልተጋቡ እጮኛሞች የሚሄዱበት ሌላ መንገድ አለ። ይህ ለዜጋ እጮኛ ብቻ የሚሰጥ ቪዛ ሲሆን፣ ሁለቱ ከማመልከታቸው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝተው መሆን አለባቸው። አሜሪካ በገቡ በ90 ቀናት ውስጥም መጋባት ይኖርባቸዋል። በስልክ ብቻ ተዋውቃችሁ በስልክ ብቻ የተጫጫችሁ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ሕጉ መተያየትን የሚጠይቀው ለራሱ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን ለትዳራችሁ ስንል ከሕጉ በፊት እንጠይቃችኋለን።

መንገዱ በመንግሥት ውሳኔ ሊዘጋም ይችላል። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ኤምባሲዎች መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቋርጠው ነበር። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠትን ማቆሙን አስታወቀ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁና ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት ጉዳዩ በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ከመሥሪያ ቤቱ ከራሱ አጣሩ። የደላላ ወሬ ማስረጃ አይደለም።

ሰነዳችሁ እውነት ይናገር

ብዙ ባለትዳሮች የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይበቃናል ይላሉ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን (213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ ነገር ግን ጋብቻው በክብር መዝገብ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ ከሠርጉ በኋላ ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መሄድን አታዘግዩ። ቀድሞ ያገባ ሰው ደግሞ የፍቺውን የፍርድ ቤት ውሳኔ ያቅርብ። ሽማግሌዎች ያስማሙበት ወረቀት ለዚህ አይሆንም።

ትንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ሰውን ያንገላታሉ። የአባት ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በልደት ምስክር ወረቀት ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይዞ ይገኛል። የእኛን ጥር እንደ ጃንዋሪ ቆጥሮ ቀኑን እንዳለ የገለበጠም አለ። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች እህት ከ12 ወር በላይ በኖረችበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለች። ይህን ሁሉ ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ አስተካክሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተደበቀ ልጅ ነው። ከትዳር በፊት የተወለደን ልጅ «ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ ማስመዝገብ በአገራችን ይታያል። በሕጉ ግን የዜጋ የትዳር ጓደኛ ልጅ ጋብቻው የተፈጸመው 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ፣ እንደ እንጀራ ልጅ የራሱ ማመልከቻ ሊቀርብለት ይችላል። ስለዚህ እውነቱን መናገር ለልጁ በር ይከፍትለታል፤ መደበቁ ግን በሩን ሊዘጋበት ይችላል። ባል የማያውቀው ልጅ ካለም ይህን ከቆንስላው በፊት መስማት ያለበት ባል ነው።

ለወረቀት ብቻ ስለሚደረግ ጋብቻም በግልጽ እንነጋገር። በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል፤ ወደፊት እውነተኛ ትዳር ቢመጣም የቪዛውን በር ሊዘጋ ይችላል። በጌታ ፊት ቃል ኪዳን ገብቶ በልብ «ካርዱ እስኪመጣ» ማለት ደግሞ በገንዘብ የማይከፈል ዕዳ ነው።

ስፖንሰርነት ተራ ፊርማ አይደለም

አመልካቹ የድጋፍ ውል ይፈርማል። በአብዛኛው ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ካልደረሰ ሌላ ሰው አብሮት ሊፈርም ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ውል በፍቺ አይፈርስም። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም በሕጉ አቆጣጠር 40 ሩብ ዓመታት (10 ዓመት ገደማ) ሥራ እስኪቆጠርለት፣ ወይም አገሩን ለቆ እስኪሄድ፣ ወይም እስኪሞት ድረስ ይጸናል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ወንድምን «አንድ ፊርማ ብቻ ተባበረኝ» ስትሉት ምን እንደሚሸከም ንገሩት። ለእሱም እንቢ የማለት ነጻነት ስጡት።

በመጠበቂያው ወቅት

ባልና ሚስት ተለያይተው የሚኖሩበት ጊዜ ከወራት ወደ ዓመታት ሊረዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ ስልኩ ሁሉ ስለ ሰነድና ስለ ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ውድ ባለትዳሮች፣ በሳምንት አንድ ቀን ስለ ፕሮሰሱ ምንም የማታነሱበት የስልክ ሰዓት ይኑራችሁ። ስለ ዋላችሁበት አውሩ፣ ሳቁ፣ አብራችሁ ጸልዩ።

የገንዘብንም ነገር ተማከሩ። እዚያ ያለው ወገን የሚሠራውን ሰዓት፣ የቤት ኪራዩንና ዕዳውን ሳይደብቅ ይንገር። እዚህ ያለው ወገን ደግሞ «ሂጂያለሁና» ብሎ ሥራውንና ትምህርቱን አይጣል። እናቶችና አማቶችም «ምን ነካው? ለምን አይወስድሽም?» እያላችሁ በሙሽራይቱ ቁስል ላይ እንጨት አትስደዱ። ፋይሉ ባል ኪስ ውስጥ አይደለም።

የ2 ዓመቱ ካርድ

አሜሪካ በገባችሁበት ቀን ትዳራችሁ 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣችሁ ካርድ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የ2 ዓመት ካርድ ነው። ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አብረው አይ 751 የተባለውን ፎርም ማስገባት አለባቸው። የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ ውልና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ለማስረጃ ይጠቅማሉ። ቀኑን ግድግዳችሁ ላይ ጻፉት።

በዚህ ወቅት የሚፈጸም አንድ ኃጢአት አለና ዝም ብለን አናልፈውም። «ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ፣ ወደ አገርሽ አስመልስሻለሁ» እያለ ሚስቱን የሚያስፈራራ ባል አለ፤ ባሏን የምታስፈራራም ሚስት አለች። እህቴ፣ ግሪን ካርድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ባል አይደለም። በእውነት የተጀመረ ትዳር በፍቺ ቢያበቃ ወይም በውስጡ ድብደባና ጭካኔ ቢኖር፣ ሕጉ የባል ፊርማ ሳይኖር ብቻሽን እንድታመለክቺ መንገድ ይከፍታል። በ1994 በወጣው ሕግም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ የሚበድላቸው ሰዎች በራሳቸው ስም ማመልከት ይችላሉ። ወንዶችም ጭምር። ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋገሪ። ሽማግሌዎችም «ካርዱ እስኪመጣ ታገሺ» ብላችሁ የምትደበደብን ሴት ወደ ቤት አትመልሱ።

ወደ ዜግነት

ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው በአብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ ለዜግነት ያመለክታል። ባለቤቱ ለ3 ዓመት ዜጋ ከሆነና እነዚያን 3 ዓመታት በትዳር አብረው ከኖሩ ግን በ3 ዓመት ይፈቀድለታል። ከ3ቱ ዓመታት ቢያንስ 18 ወር አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ከ6 ወር በላይ ውጭ መቆየት ደግሞ ቆጠራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ከ128 የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄዎች እስከ 20 ተጠይቆ 12ቱን መመለስ አለበት። አብራችሁ አጥኑ፤ ራት ላይ መጠያየቅ ጥሩ ጨዋታ ነው።

አንዳንድ አማኞች «ዜግነት መቀየር አገርን መካድ አይሆንም?» ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሮማዊነቱን ማንሳቱን አስታውሱ፤ በመብቱ ተጠቀመ እንጂ ወገኑን አልጠላም። ሆኖም ዋጋውን አውቃችሁ ወስኑ። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ (378/1996) መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (270/1994) ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አያበቃም። ይህ የሁለታችሁ ውሳኔ ነውና አንዱ ሌላውን አይጎትት።

ውድ ባለትዳሮች፣ ቪዛው የሚያደርሳችሁ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ነው። ከበሩ ወዲያ የሚጠብቃችሁ በምሽት ፈረቃ የደከመ ሰውና አዲስ አገር የከበደው ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ቀን የሚያኖራችሁ በመጠበቂያው ዘመን የተነጋገራችሁት እውነት፣ የተከባበራችሁበት ፍቅርና አብራችሁ የጸለያችሁት ጸሎት ነው። እንግዲህ ፋይላችሁን በጥንቃቄ ያዙ፤ እርስ በርሳችሁ ግን ከፋይላችሁ ይበልጥ ተጠባበቁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።