የደጋን ጌጥ የት ይግባ?

ደጋን ጠርቦ በቀንድ ፈርጥ ሊያስጌጠው የሚሻ ሰው ስፍራውን ለዓይኑ ብቻ አይተው። አውታሩ ሲሳብ የክንዶቹ ውጫዊ ገጽ ይለጠጣል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ገጽ ይታመቃል፤ መካከሉ ከሞላ ጎደል ከሁለቱም ነፃ ነው። ከባዱ ጫና የሚያርፈው እንግዲህ ጌጥ በምንመኝበት ገጽ ላይ ነው!

ግትርነት ከውፍረት ኩብ ጋር ይመጣጠናል። ከ12 ሚሊሜትር ክንድ ላይ በሙሉ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ቢፈለፈል በዚያ ስፍራ 23 በመቶ ያህል ግትርነት ይጠፋል። ፈርጡ በማጣበቂያ ቢገጠምም የተቆረጠው ቃጫ አይቀጠልም፤ ስንጥቁ ከጉድጓዱ ጠርዝ ይነሣል፤ ደጋኑም የሚሰበረው ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው።

መጨበጫው ግን ሌላ ነው። ውፍረቱ 24 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በእኩል ስፋት፣ ከክንዱ ስምንት እጥፍ ይገትራል፤ 2 ሚሊሜትር ቢፈለፈልበት እንኳ ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀረዋል።