ላስቲኩን በቀለሙ ብቻ አትምረጡ

ጡንቻ የሚጠነክረው ብረት በማንሳት ብቻ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ጡንቻ ግን ብረትና ላስቲክ አይለይም፤ የሚያውቀው የሚታገለውን ኃይል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ በላስቲክ የሠሩ ሰዎች ያገኙት ጥንካሬ በክብደትና በማሽን ከሠሩት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ሬዚስታንስ ባንድ የሚባለው ይህ ላስቲክ ዋጋው ከብረት ይቀላል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ጠባብ የኪራይ ክፍልም ይበቃዋል። ሰው የሚሳሳተው ሲመርጥ ነው።

5 ኪሎ ዳምቤል ከታች ሲነሳም ላይ ሲደርስም 5 ኪሎ ነው። ላስቲክ እንዲህ አይደለም፤ በተለጠጠ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በደንብ የሚያውቁትን፣ ቴራባንድ የተባለውን ላስቲክ እንውሰድ። ቀዩ ከመነሻ ርዝመቱ በእጥፍ ሲለጠጥ፣ ማለትም 1 ሜትሩ 2 ሜትር ሲሆን፣ ወደ 1.7 ኪሎ ይጎትታል፤ 3 ሜትር ሲደርስ 2.5 ኪሎ ይሆናል። ከእሱ ሁለት ደረጃ የሚበልጠው ሰማያዊ ደግሞ በእጥፍ ሲለጠጥ 2.6 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ቀዩን አሳጥሮ የያዘ ሰው ሰማያዊውን አርዝሞ ከያዘው ጋር እኩል ሊታገል ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ፋብሪካ ቀይ ከሌላው ፋብሪካ ቀይ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን በኪሎ የተጻፈውን፣ ኪሎውም በምን ያህል ርዝመት እንደተለካ ተመልከቱ።

ቅርጹን የሚወስነው የምትሠሩት እንቅስቃሴ ነው። ዝርግና ስስ የሆነው ከጉዳት ለሚያገግምና ለትከሻ ይስማማል። እጀታ ያለው ቱቦ ደረትንና ክንድን ለማሠራት ይመቻል። ከጉልበት በላይ የሚጠለቀው አጭር ክብ ለዳሌና ለመቀመጫ ነው፤ ከጨርቅ የተሠራው ጭን ላይ ስለማይጠቀለል እኔ እሱን እመርጣለሁ። 1 ሜትር ያህል የሚረዝመው ትልቅ ክብ ደግሞ ለስኳትና ለፑል አፕ ይሆናል። ፑል አፕ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ላስቲኩ ሰውየውን ወደ ላይ ስለሚያግዘው፣ ወፍራሙ የጀማሪ፣ ቀጭኑ የጠነከረ ሰው ነው።

ልኩን ለማወቅ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሥሩበት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ካስጨነቋችሁ፣ ግን ወገባችሁ ካልተጣመመና ላስቲኩ ሲመለስ ካልነጠቃችሁ፣ የእናንተ ነው። 15ቱን እያወራችሁ ከጨረሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከ8 በታች የሚያስቆማችሁ ከሆነ ገና ነው። ይህን ፈተና ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው አድርጉ፤ ለእግር የሚቀልለው ላስቲክ ትከሻን ወደ ውጭ ለሚያዞሩት ትንንሽ ጡንቻዎች እጅግ ከባድ ነውና። አንድ ወፍራም ገዝቶ ለሁሉም ከመጠቀም ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ሦስት መያዝ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጭኑን የሚንቁ ወጣቶች ትከሻቸውን ሲጎዱ ማየት ያሳዝነኛል።

አብዛኛው ላስቲክ ከጎማ ዛፍ ወተት ይሠራል፤ ላቴክስ ቆዳችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ላቴክስ የሌለበትን ጠይቁ። ፀሐይና ቅባት ያደርቁታልና መስኮት ላይ አታስጡት፣ ሎሽን በተቀባ እጅም አትያዙት። በር ላይ ስታስሩት በማጠፊያው በኩል ይሁን፤ በሩም እናንተ ስትጎትቱ የሚዘጋ እንጂ የሚከፈት አይሁን። ከመነሻ ርዝመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ አትለጥጡት። ከመጀመራችሁ በፊት በብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። የተበጠሰ ላስቲክ ተወርውሮ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ትንሽም ብትሆን ስንጥቅ ካገኛችሁበት ሳትሳሱ ጣሉት።