በቡና ጥላ ሥር ላለ ቤት የሶላር መብራት ሽቦ እንዴት ይታቀዳል?

የግልገል ጊቤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ 184 ሜጋዋት ኃይል ለመስጠት ከበቃ ወዲህ፥ በጅማ አካባቢ ከፍተኛውን የኤሌክትሪክ መስመር ማየት ለማንም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ መስመሩ በማሳው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ ሁሉ አምፑል አብርቶ ያመሻል ማለት አይደለም። በከተማው፥ በቦሳ አዲስ ሠፈር፥ ማብሪያውን ተጭኖ መብራት የሚያገኝ ሰው ለቡና ለቀማ ወደ ጎማ ወይም ወደ ማና ገጠር ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፋኖስና ኩራዝ ነው። ስለዚህም አያሌ ቤተ ሰብ የሶላር ፓነልና ባትሪ ገዝቶ ወደ ገጠር ቤቱ ይወስዳል። ስለ ሽቦው አዘረጋግ የሚጠየቀው ግን ዕቃው ሁሉ ከተገዛ በኋላ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ገበያ ከመውረድህ አስቀድሞ ወረቀትና እርሳስ አንሣ። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ አራት አምፑሎች ማታ ለ4 ሰዓት ቢበሩ 80 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 5 ዋት የሚወስድ ራዲዮ ለ3 ሰዓት ሲከፈት 15፤ ሁለት ስልኮችን ለመሙላት 20፤ ድምሩ 115 ነው። በመንገድና በባትሪው ውስጥ ለሚባክነው ሩቡን ስንጨምርበት ወደ 144 ይደርሳል። በክረምት ደመና ምክንያት ሙሉ ፀሐይ በቀን ለ3 ሰዓት ያህል ብቻ ተገኘ ብለን ብንገምት፥ 144 ለ3 ሲካፈል 48 ስለሚሆን 50 ዋት ፓነል ይበቃል። ባትሪውም በ12 ቮልት ሲሰላ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሰጣል። ፀሐይ ለሁለት ቀን ብትጠፋ 24 ያስፈልጋል፤ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በላይ ከተሟጠጠ ዕድሜው ስለሚያጥር 50 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን መግዛት ይገባል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ለመስጠት የተሠራ አይደለምና፥ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም አይመከርም።

በቡና አገር ከሁሉ የሚከብደው የጥላው ነገር ነው። ቡናችን ዋንዛውንና ሰሳውን ተጠልሎ ይበቅላል፤ ቤቱም በዚያው ጥላ ሥር ተሠርቷል። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በሰንሰለት የተያያዙ በመሆናቸው፥ የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ በአንዱ ማዕዘን ላይ ብታርፍ የሚቀነሰው ኃይል ከጥላዋ ስፋት እጅግ ይበልጣል። ስለ ጥቂት ብርሃን ብሎ የጥላ ዛፍ መቁረጥም ቡናውን መጉዳት ነው። የሚሻለው ፓነሉን ቡና በሚሰጣበት ገላጣ ሜዳ በእንጨት ላይ አቁሞ፥ ኃይሉን በሽቦ ወደ ቤት ማምጣት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «12 ቮልት አይነዝርም፤ ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል» ይላሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው! ቮልቱ ሲያንስ ያንኑ ኃይል ለማድረስ ብዙ አምፔር መሄድ አለበት፤ ብዙ አምፔርም ወፍራም መንገድ ይሻል። ሜዳው ከቤቱ 20 ሜትር ቢርቅ፥ ሽቦው መሄጃና መመለሻ ስላለው 40 ሜትር ይሆናል። 3 አምፔር በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሲጓዝ 1.4 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ይህ በከተማው 220 ቮልት ዘንድ ከቁጥር አይገባም፤ ከ12 ላይ ግን ከአሥር አንዱ በላይ ነው። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢዘረጋ የሚጠፋው ወደ ግማሽ ቮልት ዝቅ ይላል።

ስለ እሳትም እንናገር። ባትሪው ሰውን ባይነዝርም፥ ሁለቱ ሽቦዎቹ ቢነካኩ በቅጽበት በመቶ የሚቈጠር አምፔር ይለቅቃል፤ ሽቦው እንደ ፍም ይቀላል፤ በሣር ክዳን ቤት ልጆች ተኝተው ሳሉ ይህ ቢደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማንም ግልጥ ነው። ለዚህ የተሠራው ፊውዝ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑሉን ሳይሆን ሽቦውን ነውና፥ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ፤ ለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 አምፔር ይበቃዋል። የተቃጠለውን ፊውዝ በሚስማር ወይም በተራ ሽቦ የሚተካ ሰው ጠባቂውን ከበር እንዳባረረ ይቈጠር። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ ከአልጋ ሥርና ከምድጃ አጠገብ ይራቅ፤ አየርም ያግኝ።

በውጭ አገር አሮጌ መኪና ገዝተው፥ አልጋና ምድጃ አግብተው፥ በጎማ ላይ የሚሄድ ቤት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህንኑ ስሌት ይከተላሉ፤ ባትሪያቸው፥ ፊውዛቸውና ሽቦቸው ከእኛ የገጠር ቤት አይለይም። እነርሱ ሽቦ የብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ያገባሉ፤ መንቀጥቀጡ ልባሱን እንዳይቈርጠው ነው። የእኛም ቆርቆሮ በነፋስ ስለሚንቀጠቀጥ ቀለበቱ ለጣራችን ያስፈልገዋል።

መሣሪያው በሚገጠምበት ቀን አስቀድሞ ባትሪው፥ ከዚያ ፓነሉ ከኮንትሮለሩ ጋር ይያያዝ፤ ሲፈታ ደግሞ ፓነሉ ይቅደም። የሽቦዎቹ ሥዕልም የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎበት በባትሪው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። በቡና መስጫ ጊዜ በፓነሉ ላይ አቧራና ገለባ ስለሚያርፍበት፥ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።