ቺፕ አልባው ቲፒኤም

ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ አብዛኛው ተጠቃሚ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን ዕቃ ግዴታ አደረገ፤ ቲፒኤም 2.0ን። ቲፒኤም ማዘርቦርድ ላይ የሚገጠም፣ በብዙ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተካቶ የሚመጣ የደኅንነት ቺፕ ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠረው ቨርቹዋል ማሽን ግን የሚጨበጥ ማዘርቦርድም ቺፕም የለውም። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥሩ ሶፍትዌሮች ቺፑንም በኮድ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ኮዱን ራሳቸው ይጻፉት ወይስ ሌሎች ጽፈው የሚጠብቁትን ይውሰዱ? የደኅንነት ነገር ሲሆን መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

የቲፒኤምን ሥራ ለመረዳት ሁለቱን ዋና ተግባሮቹን ማየት ይበቃል። አንዱ መመዝገብ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ እያንዳንዱ ፕሮግራም ተከትሎት የሚነሳውን ፕሮግራም ሃሽ፣ ማለትም የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥሩን፣ አስልቶ ለቲፒኤም ይልካል። ቲፒኤሙ ይህን ቁጥር እንዳለ አያስቀምጠውም። ፒሲአር በሚባለው መዝገቡ ላይ የነበረውን ዋጋ ከአዲሱ ጋር ያጣምርና እንደገና ሃሹን አስልቶ ውጤቱን ይይዛል። በዚህ ስሌት የተጨመረ ነገር ተመልሶ አይፋቅም፤ በአነሳሱ ሂደት አንዲት ባይት ብትለወጥ የመጨረሻው ቁጥር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሌላው ተግባሩ ቁልፍ መጠበቅ ነው። የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከር የዲስኩን ቁልፍ ለቲፒኤም በአደራ ይሰጣል። ፒሲአሮቹ አደራው ሲሰጥ የነበራቸውን ዋጋ ካላሳዩ ቲፒኤሙ ቁልፉን አይለቅም፤ ተጠቃሚውም ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁጥር ይጠየቃል።

ቨርቹዋል ማሽን ከሚፈጥሩት አንዱ የሆነው ኪውኢሙ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ኬቪኤም ከተባለው የከርነሉ ክፍል ጋር ተጣምሮ ለብዙ ክላውዶች መሠረት ሆኗል። ኔትወርክ ካርዱን፣ የዲስክ መቆጣጠሪያውን፣ ፍሎፒውን ሳይቀር በራሱ ኮድ ያስመስላል። ቲፒኤም ላይ ሲደርስ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.11 እትሙ ጀምሮ ሥራውን ኤስደብሊውቲፒኤም ለተባለ የውጭ ፕሮግራም ማስተላለፍ ቻለ። ይህ ፕሮግራም መነሻው አይቢኤም ሲሆን፣ የቆመውም ሊብቲፒኤምኤስ በተባለ ላይብረሪ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ቺፕ ያገኘ መስሎት ትእዛዝ ይልካል፤ ኪውኢሙ ትእዛዙን ተቀብሎ በሶኬት ለኤስደብሊውቲፒኤም ያሻግራል፤ መልሱንም በዚያው መንገድ ያመጣል። ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ኤስደብሊውቲፒኤም ይነሳለታል። በእውነተኛው ቺፕ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ቋሚ መረጃ ደግሞ እዚህ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ስሜት በፕሮግራመሮችም ዘንድ ብርቱ ነው፤ ምክንያትም አያጣም። የራስ ኮድ ሲሆን የሚታረምበትን ቀን ራስ ይወስናል፣ ተጠቃሚውም ተጨማሪ ነገር ጫን አይባልም። ቢሆንም ቲፒኤም ለዚህ ስሜት የሚመች ዕቃ አይመስለኝም። ትረስትድ ኮምፒዩቲንግ ግሩፕ ያወጣው መስፈርት ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ከገጹ ብዛት ይልቅ የሚያስፈራው ግን የስህተቱ ጠባይ ነው። ኔትወርክ ካርድ ሲበላሽ ግንኙነቱ ይቋረጥና ሰው ወዲያው ይጮኻል። ቁልፍ አመንጪው ሲበላሽ ግን ቁልፉ ይወጣል፣ ዲስኩ ይቆለፋል፣ ይከፈታል፤ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የደረሰው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስወገድ ተብሎ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ የዴቢያን ቅጂ ላይ ትንሽ ለውጥ ተደረገ። ለውጡ የዘፈቀደ ቁጥር ምንጩን ስላደረቀው የሚቀረው ልዩነት የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ። በየማሽኑ ይወጡ የነበሩት ቁልፎች በጥቂት አሥር ሺዎች ውስጥ የሚገመቱ ሆኑ። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በ2008 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቁልፎቹ ያለ እንከን ሲሠሩ ነበር።

የውጭ ፕሮጀክት መውሰድ ግን ከኃላፊነት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኳርክስላብ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያገኛቸው ሁለት ክፍተቶች ይፋ ተደረጉ። ክፍተቶቹ የነበሩት ከመስፈርቱ ጋር በሚታተመው የቲፒኤም 2.0 ማመሳከሪያ ኮድ ውስጥ ነው። ኮዱ የተመሰጠረውን ግቤት ርዝመት በቅጡ ሳያረጋግጥ በአንዱ ክፍተት ከተፈቀደለት ቦታ 2 ባይት አልፎ ይጽፍ፣ በሌላኛው ደግሞ 2 ባይት አልፎ ያነብ ነበር። ሊብቲፒኤምኤስ ከዚያው ኮድ የተወለደ ነውና ክፍተቱን ወርሷል፤ እርማቱን በ0.9.6 እትሙ አወጣ። ከማመሳከሪያው ቀድቶ ለብቻው የጻፈም ያንኑ ክፍተት በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር፤ ልዩነቱ የሚከታተልለት ሌላ ዓይን አለመኖሩ ነው።

እኔ ከሁሉ የምመዝነው የተወሰደው ኮድ የት እንደሚቀመጥ ነው። በኪውኢሙ አሠራር ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለ አጥቂ ክፍተቱን ቢጠቀም መጀመሪያ የሚያገኘው ለብቻው የቆመውን ኤስደብሊውቲፒኤም እንጂ ኪውኢሙን ራሱን አይደለም። ያ ፕሮግራም ደግሞ በራሱ የተጠቃሚ ስምና ኤስኢሊኑክስ በተባለው የሊኑክስ የደኅንነት ሥርዓት ገደብ ሊታጠር ይችላል። ሌላው ቨርቹዋል ማሽን ፈጣሪ ቨርቹዋልቦክስም እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 7.0 እትሙ ጀምሮ ሊብቲፒኤምኤስን ይጠቀማል፤ እሱ ግን ቅጂውን ከራሱ ምንጭ ኮድ ጋር አካቶታል። ለተጠቃሚው መጫኑ ይቀላል፤ እርማት ሲመጣ ግን መጠበቅ ያለበት የቨርቹዋልቦክስን አዲስ እትም ነው። ኮድ መውሰድ ካልቀረ ለብቻው አጥሮ ማስቀመጡ ይሻላል ባይ ነኝ። የወሰደም ያገኘውን እርማት ወደ ምንጩ ይመልስ፤ ሁሉም የሚደገፍበትን ፕሮጀክት ጥቂት ሰዎች ብቻ ተሸክመውት ሊቀሩ አይገባም።

ኪውኢሙን የምታስተዳድሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኪውኢሙን ማደስ ሊብቲፒኤምኤስን አያድስም፤ ለየብቻ ተከታተሏቸው። ካደሳችሁም በኋላ ቨርቹዋል ማሽኑን ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፤ አሮጌው ኤስደብሊውቲፒኤም እንደተነሳ ይቆያልና ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አስነሱት። ባክአፕ ስትይዙ ደግሞ ከዲስኩ ጋር የቲፒኤሙን ፋይልም ያዙ፤ ዲስኩን ብቻ ወደ ሌላ ሰርቨር የወሰደ ሰው ቢትሎከር 48ቱን አሃዝ ይጠይቀዋል።