ታንኳይቱ በሦስት ቀለም

በአንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሰማያዊ መደብ፤ በመደቡ ላይ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ቢጫ ቅስት፤ በቅስቱም ላይ ሦስት ጥቁር መስመሮች ብቻ ቢያዩ፤ ከግርጌውም «ታንኳ» የሚል ቢያነቡ ምን ይላሉ? «ይህንማ ሕፃን ልጅም ይሥለዋል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ሥራውን መመርመር ይገባል።

አስቀድመን ታንኳይቱን እናስብ። የጣና ታንኳ የደንገል ነዶ እየታሰረ የምትሠራ ናት፤ በዚህም ሙያ ነገደ ወይጦ የታወቁ ናቸው። ሚስማር አያሻትም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውሃ ወጥታ መድረቅ አለባት፤ ዕድሜዋም አጭር ነው። ሠዓሊው እያንዳንዱን ደንገል ቢሥል የምናየው ብዙ ደንገል ነው። ቅስቱንና እስሩን ብቻ ሲያስቀር ግን የታንኳይቱ መልክ ጎልቶ ይወጣል። ረቂቅ ሥዕል የሚባለው ይኸው ነው፤ ትርፉን ጥሎ ዋናውን ማስቀረት። የአሥር ገጽ ጉዳይ በአምስት መስመር አሳጥሮ ለአለቃው ያቀረበ ጸሐፊ፤ ማሳጠር ከማብዛት ይልቅ እንደሚከብድ ያውቃል።

ሥዕሉ በእንጨት ተቀርጾ የሚታተም ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይበረታል። በመሮ የተፈለፈለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሳይነካ የቀረው ቀለም ይቀበላል። አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ሳንቃ ይቀረጻል፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቢዛነፍ ሥዕሉ ይበላሻል። ስስ ቢጫ በሰማያዊ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ግራው በወረቀቱ ላይ ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ ሁሉ ተገልብጦ ይቀረጻል። ከእንጨቱ አንዴ የተቆረጠ አይመለስም። ይህን ሕፃን ልጅ አይሠራውም።

መንገዱም አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ፤ የእንጨት ቅርጽም ይሠራ የነበረው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. «መቅዘፍ» በሚለው የዘይት ቀለም ሥዕሉ ጀልባውን በቀይ ቅስት፤ መቅዘፊያዎቹን በጥቂት ጥቁር መስመሮች አሳይቷል። በአገራችንም ሐንሰን ባሒያ የተባሉት ጀርመናዊ፤ በዚያው አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተምረዋል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከእርሳቸው ከተማሩት አንዱ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ፎቶግራፍ አይፈልጉበት። «ምን ተጣለ? ምንስ ቀረ?» ብለው ይጠይቁ። የቀረው ታንኳነቷን ካልነገረዎ፤ ያን ጊዜ መንቀፍ መብትዎ ነው።